ስለ «ኦልድ ፋሽንድ» ኮክቴል አመጣጥና አሠራር

(በተማሪዎች የውይይት ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የውስኪ ነገር ከዚህ መድረክ መነሣቱ አንዳንዶችን ፈገግ ሳያሰኝ አይቀርም። እኛ ግን ብርጭቆውን ያነሣነው አንድ ጥያቄ ለማቅረብ ነው፤ የአንድ ሙያ ምስጋና የሚገባው ለማን ነው?

ኮክቴል ምን እንደ ሆነ የሚያስረዳ ትርጓሜ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1806 በኒውዮርክ ግዛት፣ በሃድሰን ከተማ በሚታተም ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ነበር። በዚህ ትርጓሜ ኮክቴል ማለት አልኮል፣ ስኳር፣ ውሃና መራራ ቅመም የተቀላቀለበት መጠጥ ነው። ጌሾ የጠጁን ጣፋጭነት እንደሚገታ ሁሉ፣ መራራውም ቅመም የስኳሩን ይገታል። እየቈየ ግን አሳላፊዎች ልዩ ልዩ ጣፋጭ ሊኬር ይጨምሩበት ጀመር። የቀድሞውን የወደዱ ጠጪዎች «በድሮው ዐይነት ይሠራልን» እያሉ ቢያዙ፣ ስሙ «ኦልድ ፋሽንድ» ሆኖ ቀረ።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ፍሬ ባለ አራት ማዕዘን ስኳር በብርጭቆ ውስጥ ይደረጋል። ሁለት ሦስት ጠብታ አንጎስቱራ የተባለው መራራና ጥቂት ውሃ ተጨምሮበት እስኪሟሟ ድረስ ይደቈሳል። ከዚያም 45 ሚሊ ሊትር ያህል ቡርቦን፣ ማለት አብዛኛው እህሉ በቆሎ የሆነ የአሜሪካ ውስኪ፣ ከበረዶ ጋር ይጨመርና በቀስታ ይማሰላል። በመጨረሻ የብርቱካን ልጣጭ ተጠምዝዞ ይገባበታል።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በኬንታኪ ግዛት፣ በሉዊቪል ከተማ ያለው የፔንደኒስ ክለብ የዚህ መጠጥ መፍለቂያ ነው እየተባለ ሲነገር ኖሯል። ክለቡ የተቋቋመው ግን በ1881 ነው፤ የመጠጡ ስም ደግሞ በ1880 በቺካጎ ጋዜጣ ላይ ታትሟል። ልጅ እናቱን ሊቀድማት እንዴት ይችላል?

በዚያ ክለብ ካገለገሉት አንዱ ቶም ቡሎክ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። የእርሱ ድርሻ ከአባላቱ ጋር መቀመጥ ሳይሆን ቆሞ ማሳለፍ ነበር። ሆኖም በ1917 የመጠጥ አሠራር መጽሐፍ አሳተመ፤ ኦልድ ፋሽንድንም ከነመጠኑ ጻፈው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1920፣ አልኮል መሸጥ በመላው አሜሪካ በሕግ ተከለከለ፤ ክልከላውም እስከ 1933 ድረስ ጸና። መሸታ ቤቱ ሲዘጋ የቡሎክ ሙያ በመጽሐፉ ውስጥ ተጠብቆ ቈየ።

እንግዲህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ ዝናው የቤቱ ሆኖ ሲነገረን ሁለት ነገር እንጠይቅ፤ መቼ ተጻፈ? በማን እጅስ ተሠራ?