ዘግይቶ መድረስም መድረስ ነው
(በማኅበራችን አሥረኛ ዓመት በዓል ላይ ከሩጫ ቡድኑ የቀረበ ንግግር)



የሩጫ ቡድኑ በዚህ በዓል ላይ ንግግር ያድርግ ሲባል፣ «እናንተ ደግሞ ምን አሸነፋችሁና?» ያሉን አልጠፉም። እውነታቸውን ነው፤ ዋንጫ የለንም። የምንለው ግን አለን።

እንደምታውቁት አብዛኞቻችን ታክሲና አውቶቡስ ነጂዎች፣ በአርላንዳ አውሮፕላን ማረፊያ የምንሠራ፣ በአረጋውያን መጦሪያ በፈረቃ የምንደክም ወንድሞችና እህቶች ነን። ዩኒቨርሲቲ ገብተን ትምህርቱን ሳንጨርስ አገር የለቀቅንም በመካከላችን አለን። አሥራ ሁለት ሰዓት መሪ ጨብጦ የሚውል ሰው ወገቡ ይያዛል፣ ቦርጩ ይገፋል፤ ስኳርና ደም ብዛት ደግሞ ተከትለው ይመጣሉ። ሐኪሙ «እንቅስቃሴ አድርጉ» ሲለን «እሺ» ብለን የወጣን ብዙ ነን፤ ብቻውን የፈጸመው ግን ጥቂት ነው። ቡድኑን የወለደው ይህ ችግር ነው። እሁድ እሁድ ጠዋት ቫልስታ ተገናኝተን፣ የቻለ እየሮጠ፣ ያልቻለ እየተራመደ፣ አብረን ወጥተን አብረን እንመለሳለን።

ባለፈው ዓመት በሦስት ውድድሮች ተሳትፈናል። ሰመር ሲገባ ከመካከላችን ጥቂቶች እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የሚካሄደውን የስቶክሆልም ማራቶን ሮጠው ጨርሰዋል። በኦገስት ደግሞ በሶደርማልም በሌሊት በሚደረገው በ10 ኪሎ ሜትሩ ሚድናትስሎፐት ተሰልፈናል። በሌላ ጊዜ «መንገድ ተዘጋብን» እያልን ከደንበኛ ጋር የምናማርርበትን ሌሊት፣ ያን ዕለት እኛው ራሳችን ዘጋነው! በሴፕቴምበር መጨረሻ ወደ ሊዲንግዮ ሄድን። የሊዲንግዮ ሩጫ እ.ኤ.አ. በ1965 የተጀመረ የጫካና የዳገት ሩጫ ሲሆን ዋናው ርቀት 30 ኪሎ ሜትር ነው። ጉልበት ካለቀ በኋላ የሚመጣውን አቦርባከን የተባለውን ዳገት እንጦጦን የለመደ ሰው ሊንቀው ይችላል፤ ደርሶበት ሲያየው ግን ንቀቱን ይተዋል። ከእኛም ወገን በእግሩ እየተራመደ የወጣው ይበዛል። ቢሆንም የጀመርነው ሁሉ ጨርሰናል።

ወገኖቻችን፤ ከሜርስታ ባቡር ተሳፍረን ወደ ከተማ ስንወርድ ሶለንቱናን እናልፋለን። እ.ኤ.አ. ጁላይ 14 ቀን 1912 የኦሎምፒክ ማራቶን ከስቶክሆልም ስታዲዮም ተነሥቶ እስከ ሶለንቱና ደርሶ የተመለሰው በዚሁ አቅጣጫ ነበር። ቀኑ እጅግ የሚያቃጥል ስለነበር ከጀመሩት ሯጮች የጨረሱት ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው። ፖርቱጋላዊው ፍራንሲስኮ ላዛሮ በመንገድ ላይ ወድቆ በማግሥቱ ሕይወቱ አለፈ። ጃፓናዊው ሺዞ ካናኩሪ ደግሞ ሶለንቱና ላይ አቅም ከድቶት፣ ከአንድ ቤት ግቢ ገብቶ ዐረፈ፤ ከዚያም ለአዘጋጆቹ ሳይነግር ወደ አገሩ ተመለሰ።

ይህ ሰው አገሩ ገብቶ አንገቱን ደፍቶ አልተቀመጠም። ወጣቶችን ማሠልጠን ያዘ፤ ዛሬም ድረስ የጃፓን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚወዳደሩበት የሃኮኔ ዱላ ቅብብል እ.ኤ.አ. በ1920 ሲጀመር ከመሥራቾቹ አንዱ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1967 ስዊድኖች ጋብዘውት በ75 ዓመቱ ስቶክሆልም ተመልሶ ሩጫውን ጨረሰ። የተመዘገበለት ጊዜ 54 ዓመት ከ8 ወር ከ6 ቀን ከ5 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ነው። እኛ ይህን የምናነሣው ለሳቅ ብቻ አይደለም። ከቡድናችን ብርዱና ጨለማው ሲመጣ የቀራችሁ፣ «ከእንግዲህማ አፍራለሁ» የምትሉ ወንድሞችና እህቶች ስላላችሁ ነው። ከካናኩሪ የበለጠ የዘገየ በመካከላችን የለም።

ሁለተኛው ነገራችን ስለ ልጆቻችን ነው። ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን እ.ኤ.አ. በ1946 ወደ አገራችን ሄዶ፣ ኋላ የክቡር ዘበኛውን ወታደር አበበ ቢቂላን አሠለጠነ። አበበ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገብቶ ዓለምን አስደነቀ። በ1964 ቶኪዮ ላይ ደግሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ደገመው። እግሩ የአበበ ነው፤ ድካሙም የአበበ ነው። ነገር ግን ሰዓት ይዞ፣ በየቀኑ ሳይታክት አጠገቡ የቆመ ሰው ነበረው።

የእኛ ልጆች አጠገባቸው ማን ቆሟል? ግሎበን፣ ዛሬ አቪቺ አሬና በሚባለው አዳራሽ፣ መሠረት ደፋር በ2009 የ5,000 ሜትር የቤት ውስጥ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራለች፤ ገንዘቤ ዲባባ በ2014 የ3,000 ሜትሩን፣ በ2015 ደግሞ የመሠረትን የ5,000 ሜትር ክብረ ወሰን እዚያው አሻሽላለች። ባንዲራ ይዞ ማጨብጨቡን እናውቅበታለን። ጭብጨባው ካለፈ በኋላ ግን ልጁ ወደ ስልኩ፣ አባቱም ወደ ታክሲው ይመለሳል።

ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባኤው አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ቡድናችን በስፖርት ክለብነት ተመዝግቦ የአትሌቲክሱ ፌዴሬሽን አባል ይሁን። ክለቡ አባል ከሆነ ከ7 እስከ 25 ዓመት ላሉ ልጆችና ወጣቶች ልምምድ ሎክ-ስቶድ የሚባለውን የመንግሥት ድጎማ መጠየቅ ይችላል። «ገንዘቡና ጉልበቱ ለአማርኛ ትምህርቱ ይዋል» የሚሉ ታላላቆቻችን አሉ፤ ሐሳባቸውን እናከብራለን። ነገር ግን ሁለቱ አይጣሉም። ልጆቹ ሲያፍታቱ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያሉ በአማርኛ ቢቆጥሩ ያም ትምህርት ነው።

ከእናንተ የምንፈልገው ብዙ አይደለም። በሳምንት አንድ ማታ ከልጆቹ ጋር የሚቆሙ ሁለት ሰዎች፣ መዝገቡን የሚይዝ አንድ ሰው፣ ከእናቶችም ልጃገረዶቹን የምታበረታታ አንዲት እህት ስጡን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። የመመዝገቢያው ወረቀት በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ እስክሪብቶም አለ። ሳትፈርሙ እንዳትወጡ አደራ እንላለን።