ሲጋራ ካቆሙ በኋላ ስለሚመጣ የሆድ ችግር

(በማንኩሽ ከተማ በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)





በዛሬው ጉባኤ ላይ እንድንናገር የተፈቀደልን እኛ ሲጋራና ጋያ ማጤስ ያቆምን የዕድሩ አባላት ነን። ከመካከላችን ካቆመ ዓመታት ያለፈው አለ፤ ገና ወሩን የያዘም አለ። የተነሣነው ስለ ሲጋራ ጎጂነት ለማስተማር አይደለም። ሳንባን እንደሚጎዳ፣ ልብን እንደሚያደክም ማንም ያውቀዋል። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1112 ከወጣ ወዲህ በፓኮው ላይ ያለው ሥዕል ራሱ ይናገራል። እኛ የምናነሣው ብዙ ሰው የማያነሣውን፣ ካነሣውም በሹክሹክታ የሚያነሣውን ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ሲጋራ ካቆሙ በኋላ ሆድ የሚያመጣው ጣጣ ነው።

ነገሩ ያስቃል ይሆናል። ሳቁ፣ ግድ የለም። ነገር ግን ከመካከላችን ሱሱን ችሎ፣ የእንቅልፍ እጦቱንም ችሎ፣ በሆዱ ምክንያት ብቻ ወደ ሲጋራ የተመለሰ ሰው አለ። «ጠዋት አንድ ካልለኮስኩ ሆዴ አይሄድልኝም» ይል ነበር። ሦስት ሳምንት ታገሠ፤ አራተኛው ሳምንት ሲገባ ፓኮ ገዛ። ያን ጊዜ አንድ የሚያውቅ ሰው «ጋሼ፣ ይኼ ነገር ያልፋል፣ ትንሽ ይታገሡ» ቢለው ኖሮ ምናልባት ዛሬ ከእኛ ጋር ቆሞ ይናገር ነበር። ይህን ንግግር ያዘጋጀነውም ለዚህ ነው። ከጤና ባለሙያዎች ጠይቀን የተረዳነውንና በራሳችን ላይ ያየነውን አንድ ላይ አድርገን እናቀርባለን።

1ኛ/ ሆድ ለምን ይታወካል?

በትምባሆ ውስጥ ያለው ኒኮቲን የሚሠራው በጭንቅላት ላይ ብቻ አይደለም። አንጀታችን የራሱ የሆነ የነርቭ መረብ አለው። ምግብን ወደ ታች የሚገፋው እሱ ነው። ኒኮቲን ይህን መረብ እየነካካ ያነቃቃዋል። ለብዙ ዓመት ያጤሰ ሰው አንጀቱ በዚህ ጉትጎታ መሥራትን ይለምዳል። ታዲያ ሲጋራው አንድ ቀን ሲቆም፣ ጎትጓች እንደ ተለየው በሬ አንጀቱ ይዘገያል። ድርቀት፣ መነፋትና የሆድ ቁርጠት የሚመጡት ከዚህ ነው።

በእንግሊዝ አገር ሲጋራ ያቆሙ ሰዎችን የተከታተሉ ተመራማሪዎች ከስድስት ሰዎች አንዱ ያህል የሆድ ድርቀት እንደሚያገኘው ጽፈዋል። ስለዚህ ይህ የደረሰበት ሰው ብቻዬን ነኝ፣ ወይም ሰውነቴ ተበላሽቷል ብሎ አይስጋ። ለብዙዎቻችን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከበዱ፤ ከአንድ ወር በኋላ ግን ቀለለን። ጥቂቶቻችን ከዚያ በላይ ቆየብን። አንጀት ያለ ኒኮቲን መሥራትን እንደገና ይማራል፤ የሚያስፈልገው ጊዜ ነው።

ጋያም ቢሆን ያው ነው። «ጭሱ በውሃ ስለሚያልፍ ይጣራል» የሚሉ እናቶችና አባቶች አሉ። ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ ኒኮቲኑን አያስቀረውም። ስለዚህ ጋያ ያቆመም ሰው ሆዱ እንደዚሁ ሊታወክ ይችላል።

2ኛ/ የቡና ነገር

ይህን ስንሰማ ሁላችንም ተገርመናል። የሲጋራ ጭስ ጉበታችን በቡና ውስጥ ያለውን ካፌይን ፈጥኖ እንዲያቃጥል ያደርገዋል። ሲጋራ ሲቆም ይህ ፍጥነት በጥቂት ቀናት ውስጥ ይቀንሳል። ስለሆነም ያው የለመድነው አቦል፣ ቶናና በረካ በደም ውስጥ የሚተወው ካፌይን ወደ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ጨጓራም ያቃጥላል። ሰውየው ግን «ሲጋራ በማቆሜ ታመምኩ» ይላል። እትዬ፣ ቡናው ነው እኮ! ሲጋራ ያቆመ ሰው ለጊዜው ቡናውን በግማሽ ቢቀንስ፣ ሦስት የሚጠጣ አንድ ወይም ሁለት ቢጠጣ፣ በባዶ ሆዱም ባይጠጣ ይሻለዋል። ቡና ጠሪዎችም «በረካውን ሳይጠጡ?» እያላችሁ አታስጨንቁት።

በዚሁ መንገድ ሰውነት ውስጥ መጠናቸው የሚለወጥ መድኃኒቶችም አሉ። ዘወትር መድኃኒት የሚወስድ አባል ሲጋራ ማቆሙን ለሐኪሙ ይንገር።

3ኛ/ ምን ይደረግ?

ሀ/ ውሃ፦ አገራችን ቆላ ነው። ጉባ ላይ ፀሐይ እንዴት እንደምታቃጥል ለእናንተ አንነግራችሁም። በላብ የሚወጣው ውሃ ካልተተካ አንጀት ከዓይነ ምድር ውስጥ ውሃውን መጥጦ ያደርቀዋል። ሐኪም በልብ ወይም በኩላሊት ሕመም ምክንያት ካልከለከለ በቀር፣ በቀን ከሁለት እስከ ሦስት ሊትር የተጣራ ውሃ መጠጣት ተገቢ ነው። በእርሻና በግንባታ ላይ የሚውል ሰው ደግሞ ከዚያም በላይ ያስፈልገዋል። ረመዳንን የሚጾም ወንድማችን ከአፍጥር እስከ ሱሁር ባለው ጊዜ ውስጥ ደጋግሞ ይጠጣ።

ለ/ ምግብ፦ ለዚህ መድኃኒቱ ከደጃችን ነው። ባሚያ፣ ጎመን፣ ዱባ፣ ፓፓያ፣ ማንጎ፣ ባቄላና አተር፣ ከነገለባው የተፈጨ የማሽላ ገንፎ፣ እነዚህ ሁሉ ለአንጀት ገፊ ናቸው። ተልባ በጥብጦ መጠጣትም የታወቀ ነው፤ ነገር ግን በብዙ ውሃ ይሁን፤ ውሃ ካነሰው ራሱ ያደርቃል። እንዲህ ያለውን ምግብ በአንድ ቀን አታብዙት፤ ቀስ በቀስ ካልሆነ ሆድ ይነፋል።

ሐ/ እንቅስቃሴ፦ በቀን ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር መሄድ አንጀትን ያነቃቃል። የሲጋራ አምሮት ሲመጣም ተነሥቶ መሄዱ ይጠቅማል። አምሮቱ አብዛኛውን ጊዜ ደቂቃዎች ቆይቶ ያልፋልና።

መ/ ሰዓት መጠበቅ፦ ምግብ ሲበላ አንጀት በተፈጥሮው ይንቀሳቀሳል፤ በተለይ ከቁርስ በኋላ። ያንጊዜ ቸኩሎ ወደ ሥራ ከመሮጥ ዐሥር ደቂቃ ለመጸዳጃ መስጠት ነው። በሲጋራ የተለመደውን ሰዓት በቁርስ መተካት ይቻላል። ሲመጣ መያዝ ግን ድርቀቱን ያብሳል።

4ኛ/ ምን እንጠንቀቅ?

አንዳንዱ ሲጋራን በጫት ይተካል። ጫት ራሱ ሆድ አድራቂ ነው፤ የምግብ ፍላጎትንም ይዘጋል። ሲጋራ ያቆመ ሰው ጫት ቢይዝ በድርቀት ላይ ድርቀት ጨመረ ማለት ነው። በዚያ ላይ ጫትና ሲጋራ ወዳጆች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን ይጠራል።

ሌላው በማስቲካና በከረሜላ ይተካል። ጥቂቱ ምንም አይደለም። ቀኑን ሙሉ ሲታኘክ ግን አየር ስለሚዋጥ ሆድ ይነፋል። ሲጋራ ባቆሙ በመጀመሪያው ዓመት አራት አምስት ኪሎ መጨመር የተለመደ ስለሆነ ጣፋጭ ማብዛቱም አይመከርም። ኪሎ ጨመርኩ ብሎ ግን ወደ ሲጋራ መመለስ አይገባም፤ የሲጋራው ጉዳት እጅግ ይበልጣል።

ሆድን ለማጠብ ተብሎ ኮሶ፣ የጉሎ ዘይት፣ የእንግሊዝ ጨው በዘፈቀደ መውሰድ አደገኛ ነው። ኮሶ በብዛት ከተወሰደ ይመርዛል። የማስቀመጫ መድኃኒት አስፈላጊ ከሆነ የጤና ባለሙያ ይዘዘው፤ መጠኑንና የሚወሰድበትን ቀንም እሱ ይወስን።

ሲጋራ ሲቆም የሚመጣውን ራስ ምታት ለማስታገስ ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ወይም አስፕሪን እየደጋገሙ የሚውጡ አሉ። እነዚህ ጨጓራን ይልጣሉ። ከእነሱ ይልቅ ፓራሲታሞል በተፈቀደው መጠን መውሰድ ለጨጓራ ይሻላል።

5ኛ/ ሁሉን በሲጋራ ማላከክ አይገባም

ይህኛውን ነጥብ ልብ ብላችሁ አድምጡን። ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው። «ሲጋራ ስላቆምኩ ነው፣ ያልፋል» እያለ ሌላ በሽታ ተሸክሞ የሚቀመጥ ሰው ይኖራል።

ተቅማጥ ከሆነ አሜባ፣ ጃርዲያ ወይም ሌላ ከውሃ የሚመጣ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ምርመራ ያስፈልገዋል። የጨጓራ ቁስልም እንዲሁ ነው። በድሮ ጊዜ የጨጓራ ቁስል ከሐሳብና ከበርበሬ ይመጣል ይባል ነበር። በ1982 እ.ኤ.አ. ዋረንና ማርሻል የተባሉ የአውስትራሊያ ሐኪሞች ኤች ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ አገኙ፤ በ2005 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉበት። ዛሬ ይህ በምርመራ ተለይቶ በመድኃኒት ይድናል። ሲጋራ ማጤስ ደግሞ ቁስሉ እንዳይሽር ያደርጋል። ስለዚህ ጨጓራ ያለበት ሰው ሲጋራ ማቆሙ ትልቅ ጥቅም አለው። ቃሩም ቢሆን ጊዜ ይወስዳል እንጂ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ሲጋራ በጉሮሮና በጨጓራ መካከል ያለውን መዝጊያ ጡንቻ ያላላል፤ ሲቆም ጡንቻው የመጠንከር ዕድል ያገኛል።

የሚከተሉት ምልክቶች ከታዩ ግን ነገ ዛሬ ሳይባል ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፦ ዓይነ ምድር ላይ ደም ሲታይ፣ ወይም እንደ ሬንጅ ሲጠቁር፤ ያለ ምክንያት ሲከሱ፤ ምግብ ለመዋጥ ሲያስቸግር፤ ትውከት አልቆም ሲል፤ ሆድ ተነፍቶ ጋዝም ዓይነ ምድርም አልወጣ ሲል፤ ድርቀቱ ከአንድ ወር በላይ ሲቆይ። ከማንኩሽ ተነሥቶ ፓዌ ሆስፒታል ድረስ መሄድ ቀላል ጉዞ እንዳልሆነ እናውቃለን። ቢሆንም ቀድሞ የሄደ ሰው በእግሩ ይመለሳል።

6ኛ/ ዕድራችን ምን ያድርግ?

የሕዳሴው ግድብ መሠረት ከተጣለበት ከመጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. እስከ ተመረቀበት ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ድረስ ከየአገሩ የመጣ ሰው በወረዳችን ሠርቷል። በሌሊት ፈረቃ ሲጋራን ጓደኛ ያደረገ ጥቂት አይደለም። ለቅሶ ቤትም እንደዚሁ ነው። ሌሊቱን ለመግፋት ሲጋራ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ሦስት ወር የታገሠ ሰው በአንድ የለቅሶ ሌሊት ይመለሳል። ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በዕድሩ ድንኳን ውስጥ ሲጋራ እንዳይጤስና እንዳይታደል በመተዳደሪያ ደንባችን ይግባ። ማጤስ የፈለገ ራቅ ብሎ ይውጣ።

ሁለተኛ፣ በለቅሶ ቤት ከቡናው ጎን የተጣራ ውሃ ሁልጊዜ ይኑር። ወጪው ትንሽ ነው፤ ጀሪካኑ ዕድሩ ውስጥ አለ።

ሦስተኛ፣ ሲጋራ ወይም ጋያ ለማቆም የቆረጠ አባል ለእኛ ይንገረን። በመጀመሪያው ወር በየሳምንቱ ቤቱ ሄደን እንጠይቀዋለን። ስለ ሆዱም ሳናፍር እንጠይቀዋለን፤ እሱም ሳያፍር ይንገረን።

ውድ አባላት፣ ዕድራችን ሰው ሲሞት ተሰብስቦ ይቀብራል፤ ይህንንም በደንብ ይሠራል። የመዋጮ መዝገባችንን ብናገላብጥ ግን ዕድሜ ሳይጠግቡ የተለዩን ብዙ ስሞች እናገኛለን። አንድ ሰው ሲጋራ ባቆመ በአንድ ዓመት ውስጥ ከማጤስ የመጣበት የልብ ሕመም ሥጋት በግማሽ ያህል ይቀንሳል። አንድ ወር የሆድ ድርቀት ታግሦ ይህን ያህል ዕድሜ ማትረፍ ርካሽ ዋጋ ነው። ያቀረብናቸው ሦስቱ ሐሳቦች በዛሬው ጉባኤ ተወያይታችሁባቸው ድምፅ እንዲሰጥባቸው በአክብሮት እንጠይቃለን።