እናታችሁ ከወደቁ አይታሹ
ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ አንዲት እናት ተንሸራትተው ወደቁ እንበል። መነሣት አቃታቸው፤ አንዱ እግራቸው አጥሯል፣ ጣቶቻቸውም ወደ ውጭ ዞረዋል። ይህ የዳሌ ስብራት ምልክት ነው።

እባካችሁ አይታሹ! የጭን አጥንት ራስ በዋናነት ደም የሚያገኘው በአንገቱ በኩል በሚያልፉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ነው፤ በመታሸት እነሱ ከተበጠሱ አጥንቱ ሊሞት ይችላል። ሐኪሙ ስብራቱን በብሎን ያስራል፤ የአጥንቱ ራስ የማይተርፍ ከሆነ ደግሞ አውጥቶ በሰው ሠራሽ ይተካዋል።

አጥብቆ ማሰርም አደጋ አለው፤ ወጌሻ በቀርከሃ አጥብቆ ያሰረው እግር ደም አጥቶ እስከ መቆረጥ የደረሰበት ጊዜ በአገራችን ብዙ ነው። ጣት ከቀዘቀዘ ወይም ከደነዘዘ ማሰሪያው ወዲያው ይላላ። የወደቁትን እናት እግር እንዳለ ደግፉና 907፣ ቀይ መስቀል አምቡላንስ ጋ ደውሉ። በጥቁር አንበሳም በአቤት ሆስፒታልም የአጥንት ቀዶ ሐኪሞች አሉ።