ግፍን የተናገረ ብላቴና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ማለዳ በደምበል ሕንፃ ፊት ስናልፍ የደንብ ልብሳቸውን የለበሱ ሕፃናት ከታክሲ እየወረዱ ወደየትምህርት ቤታቸው ሲጣደፉ እናያለን። ከሩቅ ለሚመለከታቸው ሁሉም አንድ ናቸው፤ የባለጸጋውም የድኻውም ልጅ አይለይም። ነገር ግን ልብስ የሸፈነውን ምላስ ይገልጠዋል። አንዱን በአነጋገሩ፣ አንዱን በነገዱ፣ አንዱን በሃይማኖቱ፣ አንዱን በአካሉ ጉዳት፣ ሌላውንም ምሳ ዕቃው ባዶ ስለ ሆነ ስም እያወጡ የሚያስለቅሱት የገዛ ጓደኞቹ ናቸው። ዛሬማ ስድቡ በስልክ ተከትሎት ከቤቱ ስለሚገባ ሌሊት እንኳ ዕረፍት የለውም።

ይህን የሚከለክል ሕግ ጠፍቶ አይደለም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ቀጥቃጩንና ሸማኔውን ስለ ሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲታሰር አዝዘዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በ36ኛው አንቀጽ ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነጻ እንዲሆኑ ይደነግጋል። ይህ ከሁሉ አስቀድሞ የመምህሩን እጅ የሚይዝ ነው፤ የባልንጀራን እጅና ምላስ የሚይዘው ደግሞ ትምህርት ቤቱ ለተማሪዎቹ የሚያወጣው ደንብ ነው። እንዲህ ያለው ደንብ ማግለልን፣ ማዋከብንና መደብደብን ይከለክላል፤ በደል ያየ ተማሪም ለመምህሩ እንዲናገር ይመክራል።

ጭንቁ ያለው ግን በዚህች በመጨረሻዪቱ ቃል ላይ ነው። ልጁ ልናገር ቢል በዳዩ ያስፈራራዋል፤ ጓደኞቹ «አሳባቂ» ይሉታል፤ ከቤቱም ሲመለስ አባቱ «ወንድ ልጅ ስሞታ አያበዛም፤ አንተም ምታው» ይለዋል። አሳባቂ ማለት ግን ሰውን ለመጉዳት ወሬ የሚያመላልስ ነው፤ ሰውን ከጉዳት ለማዳን የሚናገር ምስክር ይባላል እንጂ አሳባቂ አይባልም።

በግብረ ሐዋርያት 23ኛው ምዕራፍ ከ40 የሚበልጡ ሰዎች ቅዱስ ጳውሎስን ሳይገድሉ እህል ውሃ ላይቀምሱ በተማማሉ ጊዜ ሤራቸውን ሰምቶ የተናገረው ማን ነበር? የጳውሎስ የእኅቱ ልጅ፣ ስሙ እንኳ ያልተጻፈ ብላቴና ነው። ሮማዊው ሻለቃም ያደረገውን እናስተውል። እጁን ይዞ ለብቻው ገለል አደረገው፤ የሚነግረው ምን እንደ ሆነ ጠየቀው፤ ነገሩን እስኪፈጽም ሰማው፤ የነገረውን ለማንም እንዳይገልጥ አዝዞ አሰናበተው። ለነገ ይደር አላለም፤ በዚያው ሌሊት 200 ወታደር፣ 70 ፈረሰኛና 200 ጦረኛ አሰልፎ ጳውሎስን ከኢየሩሳሌም አወጣው። ይህን ያደረገው አሕዛባዊ ሰው ነው!

እኛ ዘንድ የተለመደው ሌላ ነው። በዳይና ተበዳይ በክፍሉ ፊት ይቆሙና «በሉ ታረቁ፤ ተሳሳሙ» ይባላሉ። ዕርቅስ ቅዱስ ነገር ነው፤ ነገር ግን ሳይመረመር የታዘዘ ዕርቅ ከትምህርት ቤቱ በር አያልፍም። ከበሩ ውጭ በዳዩ ይጠብቀዋል። መምህራን ሆይ፤ የሻለቃውን ሥርዐት ያዙ፤ ልጁን ለብቻው ስሙት፤ ስሙን ጠብቁለት፤ በዚያው ዕለት አንድ ነገር አድርጉለት። በዳዩም ሕፃን ነውና ስድቡን ከየት እንደ ተማረው ጠይቁት፤ ምናልባት መልሱ ከገዛ ቤቱ ማዕድ ይገኝ ይሆናል።

ይልቁንም እንግዳውን ልጅ አስቡ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ከጎረቤታችን ከካዛንቺስ ብዙ ቤተ ሰቦች ተነሥተው ወደ ገላን ጉራ ሲሄዱ ልጆቻቸውም አብሮ አደጎቻቸውን ትተው ሄደዋል። በአዲስ ክፍል የሚቀመጥ ልጅ በደል ቢደርስበት የሚመሰክርለት ባልንጀራ ገና አላፈራም።

የሕፃን ቃል አይታመንም የሚል ቢኖር ክፍለ ከተማችን በማን ስም እንደሚጠራ ያስታውስ። ቅዱስ ቂርቆስ የ3 ዓመት ሕፃን ሳለ በመኰንኑ ፊት ተናግሯል፤ የፈራችውን እናቱን ኢየሉጣንም ያጸናት እርሱ ነው።

ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ ማታ ሲመለስ «ስንት አገኘህ?» ከማለታችሁ በፊት «ምሳህን ከማን ጋር በላህ? ብቻውን የተቀመጠ ልጅ አየህን?» ብላችሁ ጠይቁት። በመጀመሪያው ማታ ላይመልስ ይችላል፤ በማግስቱም ጠይቁት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።