ልጆች ተክልን በእጃቸው ይወቁ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)







በእንዲህ ያለ በዓል ላይ ዘወትር የሚነገረው ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ገበያ ዋጋና ስለ ትርፍ ክፍፍል ነው። ይህም ተገቢ ነው። የዛሬው ንግግር ግን ገና አባል ስላልሆኑት፣ ነገ ግን ማኅበሩን ስለሚረከቡት ልጆች ነው። ጥያቄውም አንድ ነው፤ በከሚሴ ከተማም ሆነ በዳዋ ጨፋ፣ በአርጡማ ፉርሲ፣ በጅሌ ጥሙጋ፣ በደዌ ሀረዋና በባቲ የሚያድግ ልጅ በደጁ የበቀለውን ተክል ምን ያህል ያውቀዋል?

እንደሚታወቀው በአካባቢ ሳይንስ ትምህርት የተክል ክፍሎች ሥር፣ ግንድ፣ ቅጠልና አበባ መሆናቸውን ልጆች ይማራሉ። ተጠይቀውም ይመልሳሉ። ነገር ግን ያው ልጅ የወተት ዕቃ ለምን በወይራ እንደሚታጠን፣ የትኛው ቅጠል ልብስ እንደሚያጥብ፣ የትኛው ደግሞ ዓይን እንደሚያጠፋ ሲጠየቅ ዝም የሚልበት ጊዜ ብዙ ነው። መልሱ ያለው በአያቱ ዘንድ ነው። አያቱ ሲያልፉ መልሱም አብሮ ያልፋል።

ቀድሞ ይህ እውቀት በቃል ብቻ የሚሰጥ አልነበረም። ሴት ልጅ ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ ስንደዶና አክርማ ነክራ፣ በወስፌ እየወጋች ሰፌድ ስትሰፋ ሣሩን ታውቀው ነበር። ወንዱም ቃጫ ልጦ ገመድ ሲገምድ ተክሉን ያውቀው ነበር። ዛሬ ጄሪካን፣ የፕላስቲክ ሳህንና የናይለን ገመድ በየቤቱ ገብተዋል። እነዚህ ዕቃዎች ኑሮን እንዳቀለሉ አይካድም። ይሁን እንጂ አብሮ የመጣ ጉዳት አለ፤ ሥራ ያጣ ተክል ቦታም ያጣል። ጥቅሙን የማያውቅ ሰው ዓይን ውስጥ ወይራ ከሰል፣ እንዶድ ደግሞ ተመንጥሮ የሚጣል ቁጥቋጦ ነው። በኢትዮጵያና በኤርትራ ምድር 6,000 ያህል የዕፀዋት ዝርያዎች እንደሚገኙ፣ ከነዚህም አንድ አሥረኛ የሚሆኑት በሌላ አገር እንደማይበቅሉ በዘርፉ የተጻፈው መጽሐፍ ያስረዳል። ይህን ያህል ሀብት በመጋዘን አይጠበቅም፤ የሚጠብቀው የሚያውቀው ሰው ነው።

ተራ የሚመስል የቤት ውስጥ እውቀት ምን ያህል እንደሚያደርስ የእንዶድ ታሪክ ጥሩ ምስክር ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ስለ ቢልሃርዝያ በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ተመለከቱ። ከልብስ ማጠቢያው በላይ ግን ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት ነበሩ። የቢልሃርዝያን ተሕዋስ የሚያሳድገው ይኸው የውሃ ቀንድ አውጣ በመሆኑ፣ ከዚያ በኋላ ለዓመታት የዘለቀ ምርምር ተካሄደ። እርሳቸውና የምርምር ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። ምሁሩ ያዩትን ለማየት የበቁት እነዚያ ሴቶች እንዶድን ያውቁትና ይሠሩበት ስለነበረ ነው። ቢልሃርዝያ በከሚሴ አካባቢ በተደረጉ ጥናቶችም በተማሪዎች ላይ የተገኘ በሽታ በመሆኑ፣ ይህ ታሪክ ለዞኑ ልጆች የሩቅ ወሬ አይደለም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ብዙ በጀት የማይጠይቁ አራት ሥራዎች አሉ።

አንደኛው ቅል መትከል ነው። ቅል አትክልተኝነትንና የእጅ ሥራን በአንድ ተክል ያስተምራል። በክረምቱ መግቢያ በአጥር ሥር በአንድ ጉድጓድ ሁለት ወይም ሦስት ዘር ይዘራል፤ ሲበቅል ጠንካራው ይተውና ሐረጉ አጥሩን ይዞ ይወጣል። ፍሬው ልጣጩ እስኪጠነክርና አንገቱ እስኪደርቅ አይቆረጥም። ከዚያም በጥላ ሥር ይሰቀላል። ሲነቀነቅ ፍሬው ውስጡ ከተንኳኳ ደርሷል ማለት ነው። አፉ ተቆርጦ ውሃ ይሞላበታል፤ ውስጡ ሲበሰብስ ይፋቃል፤ ምሬቱ እስኪለቅ ውሃው ደጋግሞ ይለወጣል። በመጨረሻ በወይራ ይታጠናል። በሰኔ ዘር የያዘ ልጅ ከክረምት በኋላ በገዛ እጁ የሠራውን ዕቃ ለእናቱ ያስረክባል። በዚህ መካከል ስለ ዘር፣ ስለ ትዕግሥትና ስለ ንጽሕና የተማረውን አይረሳውም።

ሁለተኛው የልጆች መደብ ነው። በትምህርት ቤት ወይም በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል ውስጥ ወርዱ ከ1 ሜትር የማይበልጥ፣ ልጅ ከሁለቱም ወገን ሳይረግጠው እጁ የሚደርስበት መደብ ይዘጋጅ። ውሃ ባለበት ቦታ ከጥቅምት ጀምሮ ቆስጣ፣ ካሮትና ቀይ ሥር ይዘራበት። በዳር በኩል ደግሞ ጤና አዳም፣ በሶብላና አደስ ይተከል። ቆስጣ በሁለት ወር ገደማ ቅጠሉ መቀጠፍ ስለሚጀምር ልጆች ሳይሰለቹ ውጤቱን ያያሉ። የቀጠፉትንም ወደ ቤታቸው ይዘው ይሂዱ። ያልቀመሱት ምርት አያስተምርም።

ሦስተኛው አዛውንቶችን መምህር ማድረግ ነው። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ሰፌድ መስፋት፣ ገመድ መግመድ፣ የሞፈርና የቀንበር እንጨት መለየት የሚያውቁ እናቶችና አባቶች ትምህርት ቤት ተጋብዘው ያሳዩ። ልጁም ስሙን በሁለቱም ቋንቋ ይያዝ፤ ወይራ ኤጀርሳ፣ ሾላ ኦዳ፣ እንዶድ ሃንዶዴ መሆኑን ይወቅ። ሁለት ስም ያለው ተክል ሁለት ጊዜ ይታወሳል።

አራተኛው ጎጂውን ማሳወቅ ነው። የቅንጭብና የቁልቋል ወተት ዓይንን ይጎዳል። የጉሎ ፍሬና አስተናግር መርዝ ናቸው። እንዶድም ቢሆን ለማጠቢያ እንጂ ለመጠጥ አይሆንም፤ ዓሣ ስለሚገድልም ማንም ተነሥቶ ወደ ቦርከና የሚጨምረው ነገር አይደለም። ፓርቲኒየም የተባለው መጤ አረም ቆዳን ያሳክካል፣ የበላችው ላም ወተት ይመራል። ስለዚህ የማያውቁትን አለመቅመስ የመጀመሪያው ትምህርት ይሁን። የታመመ ልጅም ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ክቡራትና ክቡራን፣

እዚህ ላይ ሁለት እንቅፋቶች በግልጽ መነሣት አለባቸው። የመጀመሪያው በየቦታው የሚታይ ልማድ ነው። ያረፈደ ወይም ያጠፋ ተማሪ የትምህርት ቤቱን ጓሮ እንዲያርም፣ ውሃ እንዲያመላልስ ይደረጋል። ይህ ልጅ የሚማረው መሬት የቅጣት ቦታ መሆኗን ነው። አድጎ ከእርሻ ቢሸሽ አይፈረድበትም። መደቡ የጎበዝ ተማሪ ሽልማት እንጂ የአጥፊ መቅጫ መሆን የለበትም።

ሁለተኛው የወላጅ ጥያቄ ነው። «ልጄን ትምህርት ቤት የላክሁት ከዶማ እንዲገላገል ነው፤ እዚያም ዶማ ታስይዙታላችሁ?» የሚል ወላጅ አለ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ከብት ሲጠብቅና ውሃ ሲቀዳ የዋለ ልጅ ሌላ ድካም አያስፈልገውም። በመሆኑም ሥራው በትምህርት ሰዓት ውስጥ ይሁን፤ ከአንድ ክፍለ ጊዜ አይብለጥ፤ ምርቱም የልጆቹ እንጂ የማንም ገቢ አይሁን። ልጅን ማሠራትና ልጅን በሥራ ማስተማር የተለያዩ ናቸው። ዶክተር አክሊሉን ከወንዙ ዳር ያቆማቸው ትምህርት ነው፤ የሚያዩትን ነገር የሰጣቸው ግን የእነዚያ ሴቶች እጅ ነው። የዞኑ ልጅ ሁለቱንም ይፈልጋል።

ኅብረት ሥራ ማኅበራት በዚህ ምን አገባቸው ለሚል መልሱ ቅርብ ነው። ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ኅብረት በ1995 ካጸደቃቸው ሰባት መርሆች አምስተኛው ትምህርት፣ ሥልጠናና መረጃ ሲሆን፣ በተለይ ወጣቶችን ስለ ኅብረት ሥራ ማሳወቅን ይጨምራል። ልጆች ችግኝ ተካፍለው፣ ውሃ ተራ ገብተው፣ ምርቱን እኩል ሲከፋፈሉ ማኅበር ምን እንደሆነ ያለ ንግግር ይገባቸዋል። እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር ለአንድ ትምህርት ቤት ጥቂት ዘር፣ ሁለት ውሃ ማጠጫና አንድ እውቀት ያላቸው አዛውንት ቢያቀርብ ጅምሩ ይበቃል። የቀበሌ አመራሮችም የመደቡን ቦታ ለሌላ ጉዳይ እንዳይወሰድ ቢያስከብሩ ድርሻቸውን ተወጡ ማለት ነው።

አበው «ቅል በአገሩ ድንጋይ ይሰብራል» ይላሉ። የዞኑ ልጅም በአገሩ ጠንካራ የሚሆነው አገሩ ያበቀለውን ሲያውቅ ነው። መጪው ክረምት ሲገባ በየትምህርት ቤቱ አጥር ሥር አንዳንድ የቅል ዘር ይዘራ።

መልካም የምሥረታ በዓል!