የማይታየው ቀዳዳ



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ኮምፒዩተር ቀዳዳ ነው። «እኔ ገበሬ ነኝ፤ ኮምፒዩተር ምን አገባኝ?» የሚል ይኖራል። በኪሳችሁ ያለው ስልክ እኮ ኮምፒዩተር ነው። በቴሌብር ገንዘብ የሚልክና የሚቀበል ሁሉ ገንዘቡን ለኮምፒዩተር አደራ ሰጥቷል።

ኮምፒዩተር የሚሠራው በተጻፈለት ትእዛዝ ነው። ይህ ጽሑፍ ፕሮግራም ይባላል። ጸሐፊው አንድ ነገር ከዘነጋ ቀዳዳ ይቀራል። ሌባም በዚያ ይገባል።

ምሳሌ ልንገራችሁ። ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል የሚባል ፕሮግራም አለ። ሥራው ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር የሚሄደውን መልእክት ሌላ ሰው እንዳያነበው መሸፈን ነው። አንዱ ኮምፒዩተር ሌላውን «አለህ ወይ? ካለህ ይህን ባለ 3 ፊደል ቃል መልስልኝ» ይለዋል። ያም ይመልሳል። ሌባ ግን 3 ፊደል ሰጥቶ «የሰጠሁህ 60,000 ፊደል ነው፤ መልስ» ቢለውስ? ፕሮግራሙ አይቆጥርም ነበር። የጎደለውን ከራሱ ማኅደር እየዘገነ ይሞላለታል። በዚያ መካከል የሰዎች የምሥጢር ቃል ሊወጣ ይችላል። አንድ ቁና አስቀምጦ «አሥር ኩንታል አለኝ» ላለ ሰው፣ ከጎረቤት እህል ሰፍሮ እንደሚሰጥ የጎተራ ጠባቂ ማለት ነው! ጽሑፉ ማንም እንዲያነበው ክፍት ነበር። ቢሆንም ከመጋቢት 2004 ዓ.ም. እስከ መጋቢት 2006 ዓ.ም. ድረስ ቀዳዳው ሳይደፈን ቆየ።

አሁን ፕሮግራም አንብቦ ቀዳዳ የሚፈልግ መሣሪያ መጥቷል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሉታል። በ2017 ዓ.ም. የጉግል ኩባንያ መሣሪያ ኤስኪውላይት በሚባል፣ በብዙ ስልኮች ውስጥ መዝገብ በሚይዝ ፕሮግራም ላይ ቀዳዳ አገኘ። ባለቤቶቹም በተነገራቸው ዕለት ደፈኑት።

ይህ ደግ ነው። ነገር ግን ይህን የመሰለ መሣሪያ ሌባም ሊይዝ ይችላል። እንግዲህ ጉዳዩ የመቅደም ጉዳይ ሆኗል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። መድፈኛው ተሠርቶም ባለቤቱ ካልጫነው ቀዳዳው አይደፈንም። ማይክሮሶፍት በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ለአንድ ቀዳዳ መድፈኛ አወጣ። ብዙዎች አልጫኑትም። በግንቦት ወር ዋናክራይ የተባለ አጥፊ ፕሮግራም በዚያው ቀዳዳ ገብቶ በእንግሊዝ አገር የሆስፒታሎችን ኮምፒዩተሮች ቆለፈ። «ገንዘብ ክፈሉ» አለ። ቀጠሮ የነበራቸው ሕመምተኞች ሳይታከሙ ተመለሱ።

ስልካችሁ ራሱ «ፕሮግራሙን ላድስ?» ሲላችሁ መድፈኛ መጥቶ ሊሆን ስለሚችል አንብባችሁ እሺ በሉት። ካርድ ይበላል የምትሉ አላችሁ፤ እውነት ነው፣ ይበላል። ከማታውቁት ሰው በመልእክት የመጣ «አድስ» ግን የሌባ ሊሆን ይችላልና አትንኩት። የምሥጢር ቁጥሩን ለደወለ ሁሉ የሚናገር ሰውማ በሩን ራሱ ስለሚከፍት ምንም መሣሪያ አያድነውም።