የጓሮ አትክልትና የጎረቤት ምክር

(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)

በዛሬው ንግግሬ የማነሣው ጉዳይ ከቤታችን ጀርባ ያለችውን ቁራሽ መሬት የሚመለከት ነው። ጉዳዩ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ከእናንተ መካከል ቀኑን ከመዝገብና ከደብዳቤ ጋር አሳልፎ፣ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ልብሱን ለውጦ መኮትኮቻውን የሚያነሣ ሰው ነገሩ ትንሽ አለመሆኑን ያውቃል። ባለ ጓሮዎች በተገናኙ ጊዜ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠያየቁት ስለ ተባይ፣ ስለ ፍሬና ስለ አፈር ነው። እኔም ይህ የጎረቤት ምክር ምን ያህል እንደሚጠቅም፤ ደግሞም አንዱን ተናግረን ሌላውን ስንደብቅ ምን ያህል እንደሚጎዳ፤ በራሴ ከደረሰው ጋር አያይዤ ላስረዳችሁ እወዳለሁ።

ከዓመታት በፊት በሥራ ምክንያት ወደ ተበላ ተዛውሬ ነበር። ተበላ በወላይታ ዞን የሁምቦ ወረዳ ከተማ ስትሆን፣ ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ትገኛለች። የተከራየሁት ቤት ጓሮ ነበረው፤ ነገር ግን ጠንካራ ቀይ አፈርና ጥቂት ሰርዶ ብቻ ይታይበት ነበር። ከአጥሩ ማዶ ያለው የአንዲት አሮጊት ጓሮ ግን ሌላ አገር ይመስላል። እንሰቱ በተራ በተራው ቆሟል፤ ከጥላው ሥር ቡና፣ ከቡናው ግርጌ ጎደሬ፣ ዳር ዳሩን ጎመንና ስኳር ድንች ተተክሏል። አፈሩ አንድ፣ ዝናሙም አንድ ሆኖ ሳለ እንዲህ መለያየታችን ስለ ገረመኝ፣

«እማማ፤ የእርስዎ መሬት ምን ቢኖረው ነው እንዲህ የሚያበቅለው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፤ የኔ መሬት የሚበላውን አገኘ፤ ያንተው ጾሙን ነው ያደረው» አሉኝ።

የመጀመሪያው ትምህርቴ ይህ ነበር። የወላይታ ገበሬ ርስቱን በሁለት ከፍሎ ያየዋል። ከቤቱ አጠገብ ያለው መሬት በየቀኑ ፍግ፣ አመድና የወጥ ቤት ጥራጊ ስለሚደርሰው ጥቁርና ልል ሆኖ ይኖራል። እንሰቱም፣ ቡናውም፣ ጎመኑም የሚተከሉት እዚያ ነው። ራቅ ያለው ማሳ ግን በቆሎና ሌላውን እህል እየሰጠ በምላሹ የሚቀበለው ጥቂት ነው። ሣሩና አገዳው ከሩቁ ማሳ ታጭዶ ይመጣል፤ ከብቱ ይበላዋል፤ ፍጉ ከበረቱ ወጥቶ በጓሮው ይቀራል። እንግዲህ የጓሮው ልምላሜ በከፊል ከሩቁ ማሳ የመጣ ብድር መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ፍጉን ከበረት ጠርጎ ወደ እንሰቱ የማድረሱ ሥራም በአብዛኛው በሴቶችና በልጆች ጫንቃ ላይ የወደቀ ነው።

እኛ የከተማ ሰዎች ከብት የለንም ብለን እናመካኛለን። የድንችና የሙዝ ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የምድጃ አመድ በየቀኑ ወደ ውጭ የምንጥል መሆናችንን ግን አናስታውስም። እኒህን ከደረቅ ቅጠልና ከሣር ጋር እያነባበሩ ማከማቸት፣ እርጥበቱን መጠበቅ፣ በየጊዜው ማገላበጥ ነው። ክምሩ በውስጡ ይግላል፤ ከወራት በኋላ ሽታው የጫካ አፈር ሽታ ሲሆን ደርሷል ማለት ነው። አመድ ኮምጣጣ ለሆነ ቀይ አፈር ይስማማል፤ ነገር ግን ሲበዛ ይጎዳልና በጥቂቱ ይነስነስ። ትኩስ ፍግም ለጋ ችግኝን ስለሚያቃጥል ሳይብላላ በሥሩ ላይ አይደረግም።

አፈር የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑንም ያየሁት በዚያው ወረዳ ነው። የሁምቦ ተራሮች ከብዙ ዘመን መቈረጥና ግጦሽ የተነሣ ተራቁተው፣ አፈራቸው በጎርፍ ወደ ቈላው ይወርድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 በተጀመረው ሥራ 2,728 ሄክታር መሬት ተከለለ። ከመሬት በታች በሕይወት የቀረው ጉቶ እየተገረዘ እንዲያቆጠቁጥ ስለ ተደረገ፣ ደኑ በአብዛኛው አዲስ ችግኝ ሳይተከል ከገዛ ሥሩ ተነሣ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2009 በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት ሥርዐት ተመዝግቧል። ከተከለለውም ቦታ ገበሬው ሣር እያጨደ ለከብቱ ይወስዳል፤ ሣሩም ፍግ ሆኖ ለጓሮ ይተርፋል።

ወደ ተባይ ልመለስ። የስኳር ድንች ቅጠል በድንገት ተበልቶ አውታሩ ብቻ ቀርቶ ብታዩ፣ አጥፊው የአንዲት ቢራቢሮ አባጨጓሬ ነው። አባጨጓሬዎቹ ትንንሾች ሳሉ በቅጠሉ ላይ ድር አድርተው በአንድነት ይኖራሉ። ያን ጊዜ ቅጠሉን ቀጥፎ ማጥፋት መድኃኒት ከመግዛት ይቀድማል፤ ከተበተኑ በኋላ ግን ድካሙ ብዙ ነው። የስኳር ድንች ነቀዝ ደግሞ መሬቱ ሲሰነጠቅ በስንጥቁ ገብቶ ድንቹን ይበሳል። ስለዚህ በግርጌው አፈር ማስታቀፍ፣ በደረሰም ጊዜ ሳያቆዩ መቆፈር ያስፈልጋል። «ድንቹ መሬት ውስጥ ይቆይልኝ» የሚል ሰው በጎተራው ነቀዝ እያረባ መሆኑን አይርሳ። ፍልፈልም የእንሰትን ሥር እየበላ ሲያስቸግር፣ ጐረቤት ከጐረቤት በአንድነት ካላሳደዱት ከአንዱ ጓሮ ወደ ሌላው ከመሸሽ በቀር አይጠፋም።

ስለ ፍሬም ብዙ ተጠይቄአለሁ። ከጓሮው ቡና ላይ አረንጓዴው ፍሬ ጠቁሮና ሰርጉዶ የሚረግፍ ወይም በቅርንጫፉ ላይ ደርቆ የሚቀር እንደ ሆነ፣ የቡና ፍሬ በሽታ መሆኑን ጠርጥሩ። ይህ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1922 በኬንያ ታወቀ፤ በ1971 ደግሞ በእኛ አገር ታየ። ብርድና እርጥበት ባለበት ደጋ ይበረታል። የጠቆረውን ፍሬ ለቅሞ ማስወገድ፣ ዛፉን ገርዞ ነፋስ እንዲገባው ማድረግ ይረዳል፤ ዋናው መፍትሔ ግን በሽታውን ተቋቁመው በምርምር የተመረጡትን ዝርያዎች መትከል ነው። እንጆሪ የምትተክሉም ፍሬው እርጥብ አፈር ከነካ እንደሚበሰብስ አውቃችሁ፣ ከሥሩ ጭድ ወይም ደረቅ ሣር አንጥፉለት።

አሁን ወደ ገዛ ጥፋቴ እመጣለሁ።

በእማማ ምክር ጓሮዬ ጥቂት ከለማ በኋላ፣ እንሰትም ልትከል ብዬ ከሩቅ ገበያ በርካሽ ዐሥር ችግኝ ገዛሁ። እማማ «ከየት ጓሮ እንደ ተነቀለ ጠይቀሃል?» ቢሉኝ፣ ዋጋውን እንጂ ጓሮውን አልጠየቅሁም ነበር። ውሎ አድሮ ከችግኞቹ አንዳንዶቹ የመካከለኛ ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ ይታጠፍ ጀመር። የእማማን ቢላ ተውሼ የጠወለገውን ቅጠል ሁሉ ቈረጥሁ፤ ቢላውን በሣር ጠርጌ መለስሁ።

በሳምንቱ አንድ የግብርና ባለሙያ ወደ ቤቴ መጣና የአንዱን ቅጠል አገዳ ቈርጦ አሳየኝ። ከተቈረጠው ላይ ቢጫነት ያለው ዝልግልግ ፈሳሽ ወጣ። «ይህ የእንሰት አጠውልግ በሽታ ነው፤ መድኃኒት የለውም። ከሁሉ ይልቅ የሚያዛምተው የቈረጥህበት ቢላ ነው» አለኝ። እኔም ዐፈርሁ። ለእማማ ምን ብዬ ልንገራቸው? ምናልባት አልተዛመተ ይሆናል እያልሁ ዝም አልሁ። የታመሙትን ነቅዬ ቀበርሁ፤ ነገሩ በዚህ ያልቃል ብዬ ራሴን አታለልሁ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ማለዳ ወጥቼ በአጥሩ ማዶ ብመለከት፣ ከትልልቆቹ እንሰቶች የሁለቱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ታጥፏል። አንድ እንሰት ተተክሎ ለመፋቅ እስኪደርስ እንደ ቦታው ዓመታት ይወስዳል። ቆጮው፣ ቡላው፣ አሚቾው ለቤተሰብ ምግብ፣ ቃጫው ለገመድ፣ ቅጠሉ ለዳቦ መጋገሪያ ነው። በአገራችን ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በዚህ ተክል ይኖራል። የእማማ እንሰት የክፉ ቀን ስንቃቸው ነበር። ገብቼ ሁሉን ነገርኋቸው። አልተቈጡም፤ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣

«ልጄ፤ ማንም ሳያውቅ ያጠፋል። ነገር ግን በሰማህበት ዕለት ብትነግረኝ ኖሮ፣ ቢላውን በእሳት ባሳለፍሁት ነበር» አሉ።

በዚያ ወር ስምንት እንሰት አብረን ነቅለን ቀበርን። ከስምንቱ ስንቱን ቢላው፣ ስንቱን ዝምታዬ እንደ ገደለው እስከ ዛሬ ለመለየት አልቻልሁም።

ይህን በሽታ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ተመራማሪዎች በእንሰት ላይ መርምረው እ.ኤ.አ. በ1968 አስታወቁ። ጠንቁ ባክቴሪያ ሲሆን፣ በኋላ ሙዝንም የሚገድል መሆኑ ታውቋል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 በኡጋንዳ የሙዝ ተክል ላይ ታየ። እስካሁን የታመመውን ተክል የሚያድን መድኃኒት አልተገኘም፤ መከላከያው ጥንቃቄ ነው። ይኸውም፤

1ኛ፤ ቢላና መቁረጫ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሲሻገር በእሳት እስኪግል ይለፍ፣ ወይም በበረኪና ይነከር። የተውሶ ቢላ ሲሆን ሲወስዱም ሲመልሱም እንዲሁ ይደረግ።

2ኛ፤ የታመመ ተክል ከነሥሩ ተነቅሎ በጥልቅ ይቀበር፤ ወደ ጐረቤት ወይም ወደ መንገድ አይጣል፤ ከብትም አይብላው።

3ኛ፤ ችግኝ ከሚታወቅና ጤነኛ ከሆነ ጓሮ ይወሰድ። ከመትከሉ በፊት አፈሩ ከሥሩ ተራግፎ ይመርመር፤ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት የመሰለ ተባይ ከታየበት አይተከል። ይህ ተባይ ከችግኝ ጋር ይጓዛል፤ ከጉንዳንም ጋር ወዳጅ ነው።

4ኛ፤ ልዩ ልዩ ዝርያ አሰባጥሮ መትከል ይገባል። ወላይታ ማዚያ የሚለውን ዝርያ የመሰሉ፣ ከሌሎቹ ይልቅ በሽታውን የሚችሉ አሉ። በወላይታ የሚገኘው የአረካ የግብርና ምርምር ማዕከልም በእንሰት ላይ ሲሠራ የኖረ ነው።

5ኛውና ከሁሉ የሚበልጠው፤ በጓሮአችሁ በሽታ ባያችሁበት ዕለት ለጐረቤታችሁ ንገሩ።

ክቡራንና ክቡራት፤ ባለ ጓሮ ሰው ያማረውን ጎመኑን ለማሳየት ይቸኩላል፤ የጠወለገውን ግን ይሸፍናል። በመሥሪያ ቤታችንም ቢሆን የተሳካውን ሥራ ለማስታወቅ ፈጥነን፣ ስሕተቱን ግን በመሳቢያ ውስጥ እንቆልፍበታለን። ምክር፣ ዘርና ችግኝ በሚሻገርበት አጥር በሽታም ይሻገራል፤ አጥሩ ሁለቱን አይለይም። የሚለየው የሰው አንደበት ነው።

ከተበላ በተዛወርሁ ጊዜ እማማ ሁለት የእንሰት ችግኝ ከገዛ ጓሮአቸው ነቅለው፣ በቅጠል ጠቅልለው ሰጡኝ። «ይህ ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅህ ቢኖር ታውቀዋለህ» አሉ። ችግኞቹ ዛሬ ከቤቴ ጀርባ ቆመዋል፤ አጠገባቸው የሚሰቀለውም ቢላ ሁልጊዜ እሳት የነካው ነው።